ካሜራዬን እንደ ፈረስ የገዛሁ ለት

እስከዚያች ረቡዕ ድረስ ካሜራና ፈረስ በአንድ ዓይን የሚገዙ ነገሮች መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ «ለይላ፣ የመጀመሪያ ካሜራዬን ልገዛ ነው፤ ገንዘቤ ግን ትንሽ ናት፤ ምን ትመክሪኛለሽ?» ሲለኝ ሳቄ ይቀድመኛል። ሰውየው ስለ ሜጋፒክሰል እንድነግረው ይጠብቃል፤ እኔ ስለ ፈረስ ጥርስ እጀምርለታለሁ። እስካሁን ሁለት ሰዎች ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ሄደውብኛል። እናንተ ግን ተቀመጡልኝ፤ ጉዱ ከረቡዕ ጠዋት እስከ ሐሙስ አመሻሽ ነው፣ ብዙ አላቆያችሁም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሮቤ መናኸሪያ አካባቢ እኔና እናቴ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችን። እሷ በበሩ በኩል ስኳርና ሳሙና ትሸጣለች፤ እኔ በውስጥ በኩል ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ በስልኬ አንስቼ አትማለሁ። ለጉርድ ፎቶ የሚመጣ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በበሩ ሲገባ እየሳቀ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፍርድ ሊነበብለት የቀረበ ተከሳሽ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ተከሳሽ ሳነሳ ውዬ ቤቴ ስገባ የሌሎች ሰዎችን ፎቶ በስልኬ እያየሁ እቀናለሁ። ሌንሱ እየተፈታ የሚቀየረውን ትልቁን ካሜራ፣ ባለሙያዎቹ ዲኤስኤልአር የሚሉትን፣ በሕልሜ ሳይቀር እይዘው ነበር።

በዚያ ላይ አንድ ያሳፈረኝ ነገር ነበር። ጎረቤታችን ስታገባ አንሺን ተብዬ በስልኬ አነሳሁ። ቤቱ ውስጡ ጨለማ ነው። ፎቶው ሲታተም የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ሙሽራዋ ግን የለችም። ቀሚሱ ብቻውን ያገባ ይመስል ነበር። ሰዎቹ ጨዋ ናቸውና ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን በእነሱ በር ማለፍ ትቼ ዙሪያውን መሄድ ጀመርኩ።

እንግዲህ ጓደኛዬ ሰዓዳ ጎባ ላይ እሑድ ልታገባ ሆነ። የሙሽራው ወንድም ፎቶ አንሺ ከሻሸመኔ ላምጣ ይላል፤ ሰዓዳ ለይላ ካላነሳችኝ ብላ ድርቅ አለች። በመጨረሻ ተስማሙ፤ እስከ ሐሙስ ማታ ደህና ካሜራ ይዤ ከታየሁ ሥራው የእኔ ነው፣ ካልታየሁ የሻሸመኔው ሰው ይጠራል። የሁለት ዓመት ቁጠባ ነበረኝ። ግን ያ ገንዘብ የተቀመጠው ለፎቶ ኮፒ ማሽን ነው፤ አሮጌው ማሽናችን በቀን ሦስት ጊዜ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ማለት ጀምሯል። እናቴ ነገሩን ግልጽ አደረገችው። ወይ ማሽን ወይ ካሜራ፤ ከተሳሳትሽ ደግሞ ሁለቱም የለም፣ ሱቁም አይቆምም። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጨመረች።

«ቃሲም ሳያየው አንዲት ብር ከዚህ ቤት አትወጣም።»

ቃሲም ወንድሟ ናቸው። እኛ የእናትን ወንድም ኤሱማ ነው የምንለው። ኤሱማ የሚኖሩት ጎሮ ነው፤ በጎሮም በገሰራም ገበያ የፈረስ ደላላ ናቸው። በዘመዶቻችን ዘንድ እሳቸው ሳያዩት የሚገዛ ነገር የለም። የቤታችን ሶፋ ሲገዛ አራቱን እግሮቹን አንድ በአንድ አንስተው አይተዋል። አንዱ የዘመድ ልጅ ሞተር ሳይክል ሲገዛ ደግሞ አጎንብሰው ሆዱን ዳበሱት። ረጅም፣ ቡልኮ ከትከሻቸው፣ ዱላ ከእጃቸው የማይለይ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ሲስቁ ብቻ የቡልኮአቸውን ጫፍ አንስተው አፋቸውን ይሸፍናሉ። እኔ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከጎሮ መጡ። ከሰላምታ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ለገበያ የቀረቡ እንዳሉ። ሁለት አልኳቸው። አንዱ እዚሁ ሮቤ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መስኮት ላይ ያለ አዲስ ካሜራ ነው፤ ልቤ ወደ እሱ ከሄደ ሰንብቷል። ሌላው ጎባ ያሉ ጡረታ የወጡ ፎቶ አንሺ በቴሌግራም ያወጡት ያገለገለ ነው፤ እሱን ቁጥር ለማሟላት ነው የጠቀስኩት።

ወደ ሱቁ ገባን። ባለሱቁ ትሁት ወጣት ነው፤ ካሜራውን አውጥቶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠልን። ያብለጨልጫል። ሁለት ሌንስ አለው፤ አንደኛው ሩቁን የሚያቀርብ፣ ክንድ የሚያህል። ቦርሳ አለው፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አለው፣ መወልወያ ጨርቅ በስጦታ አለው። ሃያ አራት ሜጋፒክሰል መሆኑን ባለሱቁ ሲናገር እኔ አብሬው በልቤ አልኩ፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ዋጋው ቁጠባዬን ጠራርጎ ይወስዳል።

ኤሱማ መስታወቱን ሁለት ጊዜ ዞሩት። እጃቸውን ዘርግተው አልነኩትም። ከዚያ ዕድሜውን ጠየቁ። ባለሱቁ አዲስ ነው ብሎ በአክብሮት መለሰላቸው።

«ዓይቡን ንገረኝ» አሉት።

ዓይብ እንከን ማለት ነው። በፈረስ ገበያ ሻጭ የእንስሳውን ዓይብ ሳይደብቅ መናገር አለበት፤ የደበቀ ሰው የበላው ሐራም ነው ይላሉ ኤሱማ። ባለሱቁ ይሄን ከየት ይወቅ። ምንም እንከን የለውም አለ፤ ዕቃው አዲስ ነውና ሌላ ምን ይበል። ኤሱማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአንድ ቀን ወስደን ሞክረን ነገ ብንመልስልህስ ሲሉት ወጣቱ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከሱቅ የወጣ ዕቃ የተሸጠ ዕቃ መሆኑን በጣም ለስለስ አድርጎ አስረዳቸው።

«ያልተጋለበ ፈረስ አልገዛም» አሉ ኤሱማ፣ ለእኔ ነው። «ደግሞ ይሄ ሁሉ ጌጥ ምንድነው? ኮርቻው ሲያምር ሰው ፈረሱን ረስቶ ኮርቻ ገዝቶ ይገባል።»

በሐፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ባለሱቁ ግን ደግ ልጅ ነው፤ ከበር ላይ ጠርቶኝ ከገሰራ አንድ ሰው ይሄንኑ ካሜራ እንደጠየቀው፣ ለእኔ ሲል ግን እስከ ነገ አስር ሰዓት እንደሚያቆየው ነገረኝ። እኔ በልቤ ያኔውኑ ገዝቼዋለሁ። ጎባ የሄድኩት ኤሱማን ለማስደሰት ብቻ ነው። እሳቸው ሚኒባስ ውስጥ እንዳስረዱኝ፣ አንድ ፈረስ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ፈረስ አይገዛም፣ ፈረሱ ነው የሚገዛው።

ጎባ ላይ ያገኘናቸው ሰው ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ድሮ ከቤታቸው ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ አሁን በሩ ተዘግቷል፣ ግድግዳው ላይ የተሳለው ፏፏቴ ብቻ በመስኮት ይታያል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደሩ፣ ተባብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንዴው፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቁ፤ ካሜራ የሚለው ቃል ሳይነሳ ሻይ ሁለት ጊዜ ተቀዳ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። ሲፈቱት ልቤ ወረደ። የእጅ መያዣው ላስቲክ ጠርዙ ተላቋል፣ ጥቁሩ ቀለም ጣት በሚያርፍበት ሁሉ ነጥቷል፣ ሌንሱ አጭርና አንድ ብቻ ነው። ኤሱማ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ።

«ዓይቡን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ደምሴ ጥያቄው አልገረማቸውም። ጎባ ተወልዶ ያደገ ሰው የገበያ ወግ ያውቃል። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «አንድ፣ ላስቲኩ ለቋል። ሁለት፣ የራሱ ፍላሽ አይከፈትም፤ ከሞተ ቆይቷል። ሦስት፣ ብርድ አይወድም። ሌላ አላውቅበትም።»

ኤሱማ ከተደገፉበት ቀና ሲሉ አየኋቸው። ፊታቸው በርቷል። ቀጥለው ጥርሱን ጠየቁ፤ የፈረስ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሱ ነውና፤ ይሄኔ እኔ መሳቅ ጀመርኩ፣ ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። ካሜራም ጥርስ አለው አሉ። ፎቶ ባነሳ ቁጥር ውስጡ ያለው መጋረጃ አንዴ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል፤ የዚህኛው ስልሳ ሺህ ግድም ነው፣ ገና ያን ያህል ሊሠራ ይችላል። ኤሱማ ለራሳቸው አጉረመረሙ፤ የሠራ፣ ያላረጀ፣ መካከለኛ ዕድሜ። እኔም ስለዚህ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ነበር፤ የፈረስ ደላላ ያለማንበብ ይደርስበታል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሌንሱ ግን አናደደኝ። ብጠመዝዘው ብጠመዝዘው ሩቁን አያቀርብም። አያቀርብም እንዴ ብዬ ስጠይቅ ጋሽ ደምሴ ወደ እግሬ ጠቆሙ። እሱ ያቀርባል አሉ። ከዚያ እንዲህ ዓይነቱ የማያቀርብ ሌንስ ዓይኑ ሰፊ እንደሆነ፣ በትንሽ ብርሃን ሰው እንደሚያይ ነገሩኝ። ስሰማቸው ያ ብቻውን ያገባ ቀሚስ ትዝ አለኝ።

ለአንድ ቀን ሙከራ ስንጠይቃቸው ጋሽ ደምሴ እሺ ለማለት አልዘገዩም። ኤሱማ ግን መያዣ ሳልተው አልወስድም አሉ፤ መያዣ የሌለው አደራ ወዳጅ ያጣላል። ዱላቸውን በሩ ጥግ አቆሙት። እናቴ ይሄን ብታይ ታለቅስ ነበር፤ ያንን ዱላ ይዘው ነው መስጊድ የሚሄዱት፣ ይዘውት ነው የሚተኙት። ከጋሽ ደምሴ ቤት ሲወጡ ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ሁለት ጊዜ ጆሯቸውን አከኩ።

ሐሙስ ጠዋት ካሜራውን የት እንደምንሞክረው ስጠይቅ መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። ፈረስ የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው አሉ ኤሱማ። ወደ መና የሚሄድ ሚኒባስ ይዘን ከጎባ በላይ ወዳለው ተራራ አናት ሜዳ፣ ወደ ሳነቴ ወጣን።

ልንገራችሁ፣ ከጎባ እስከ ሳነቴ ያለውን መንገድ እንዳበደ ሰው ነው የሄድኩት። ቁልፎቹን በሙሉ ነካካሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ጥቁር ወጣ፣ ሁለተኛው ነጭ ወጣ፣ ሦስተኛው የሾፌሩ ጆሮ ሆኖ ወጣ፤ ግን እንዴት ያለ ጆሮ፤ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጮክ ብዬ ስስቅ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ምን አግኝታ ነው ብለው ተንጠራሩ። ከዚያ ሁሉም አንሺን አሉ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ጫት የያዘ ነጋዴ፣ ረዳቱ ሳይቀር። ማንም እንደ ተከሳሽ አልተቀመጠም፤ መኪናው እያንገጫገጨ መቀመጥ የት ይቻላል።

ሜዳው አናት ላይ ስንወርድ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ጉሙ ይመጣል ይሄዳል፤ ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ከሰው የሚረዝሙ የደጋ ተክሎች፣ አንዴ ይታያሉ አንዴ ይጠፋሉ። ኤሱማ አንድ ጉብታ ላይ ቆመው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቀይ ቀበሮ ቆማለች። በኦሮምኛ ጄደላ ፈርዳ ይሏታል፣ የፈረስ ቀበሮ፤ ሜዳ ላይ ከፈረሶች አትርቅምና። ኤሱማን የምታውቃቸው ይመስል አየቻቸው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ካሜራውን ወደ ዓይኔ አነሳሁ፤ እግሬን ሌንስ አድርጌ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ቀረብኩ። ጆሮዋ ላይ ያለው የጤዛ ጠብታ ሳይቀር ታየኝ። ቁልፉን ተጫንኩ።

ምንም። ደግሜ ተጫንኩ። ከኋላው ያለው ፎቶ የሚታይበት መስኮት ጨልሟል፤ ካሜራው ሞቷል። ቀበሮዋ እስኪበቃት አይታን፣ ሳትቸኩል፣ ጅብራዎቹ መሀል ገባች።

እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። የሰው ንብረት ገድያለሁ፤ ወይም ጋሽ ደምሴ የሞተ ዕቃ ሰጥተውናል። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ ሮቤ ላይ የሚያብለጨልጨው ካሜራ እስከ አስር ሰዓት ይጠብቀኛል፤ አሁን ሰባት ሰዓት ነው፤ እዚህ አናት ላይ የስልክ መስመር የለም፣ መኪናም የለም። ለኤሱማ አሁኑኑ ወርደን ይሄንን መልሰን ያንን እንግዛ አልኳቸው።

እሳቸው መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያስባሉ። «ሰውየው ሦስተኛው ዓይብ ምንድነው ነበር ያለን?» አሉኝ።

«ብርድ አይወድም።»

«ነግሮናል እኮ። ይሄ የሚበላው ነገር የቱ ጋ ነው?»

ባትሪውን ማለታቸው መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ከቡልኮአቸውና ከሸሚዛቸው ሥር አስገብተው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ቅዝቃዜው ሲነካቸው ፊታቸው ተጨማደደ። ከዚያ ተረጋግተው፣ እንደ ማስተማር እያደረጋቸው፣ በብርድ ጠዋት ልጓም በፈረስ አፍ የሚገባው በእጅ ከሞቀ በኋላ መሆኑን ነገሩኝ። የቀዘቀዘ ብረት አፉ የገባበት ፈረስ ያን ቀን አይታዘዝም። ገዢው ፈረሱ እልኸኛ ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ እልኸኛው ግን ሰውየው ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያ ተቀመጥን። እኔ መኪና እጠባበቃለሁ፣ እሳቸው ባትሪ ታቅፈዋል። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ፣ የተከበሩ የጎሮ ሽማግሌ ባትሪ ሲታቀፉ ማየቱ ባሳቀኝ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን እያለቀስኩ ነበር። በመጨረሻ ቢስሚላህ ብለው አውጥተው ሰጡኝ። ሞቋል። አስገብቼ ከፈትኩት።

በራ።

ሁለታችንም እኩል ጮህን። ኤሱማ ሳቁ፤ ከሆዳቸው፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። በግራ እጃቸው ነፋሱ እንዳይወስድባቸው ቡልኮአቸውን ጨብጠዋል፣ በቀኝ እጃቸው የእኔን ቦርሳ ይዘዋል፤ አፋቸውን የሚሸፍኑበት እጅ አልተረፈም። እኔ ምንም አላሰብኩም። አንድ እርምጃ ቀረብኩና ተጫንኩ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ።

መስኮቱ ላይ ሳየው ሳቄ ቆመ። ሰማዩ፣ ጉሙ፣ በጢማቸው ላይ ያለው ጤዛ፣ ዓይናቸው ዳር ያለው እንባ ሁሉ አለ። ከፊት ለፊት ደግሞ ከላይ አራት ጥርስ የለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የኤሱማን አፍ አይቼ አላውቅም ነበር። አሳዩኝ አሉ። ባልሰጣቸው በወደድኩ፤ ግን ሰጠኋቸው።

ብዙ ጊዜ አዩት። የተቆጡ መስሎኝ ልሰርዘው እችላለሁ አልኩ።

«አርባ ዓመት የፈረስ ጥርስ እያየሁ ዕድሜ ስናገር ኖርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔን ያየሽ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ነገሩኝ። ገና ጎረምሳ ሳሉ ነው፤ የገዢ ልብ ለመግዛት ሲሉ ያልተጋለበ ፈረስ ተገርቷል ብለው ሊሸጡ ገበያ አወጡ። ፈረሱ ሰው ፊት አፋቸው ላይ ረገጣቸው፤ አራቱ ጥርስ እዚያው ቀረ። ገበያው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይብ የደበቀ ሻጭ አይወዱም፤ ሰው ፊትም አፋቸውን ከፍተው አይስቁም። ይሄን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ፎቶው ላይ እንዳለ ነው፤ ቀና ሳይሉ። በኋላ ካሜራውን መልሰው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና ከድንጋዩ ተነሱ።

«ይሄ ፈረስ ነው፤ ከፈለግሽ ውሰጂው» አሉ።

ከመና በኩል ቡና የጫነ አይሱዙ መጣልን፤ ከሾፌሩ ጎን ተጣብበን ወረድን። ጎባ ልንገባ ስንል የስልክ መስመር ተመለሰና ስልኬ ወዲያው ጠራ። የሮቤው ባለሱቅ ነው። ለአስር ሰዓት አስር ደቂቃ ቀርቷል፤ የገሰራው ሰው ገንዘቡን ይዞ ፊቱ ቆሟል፤ ልስጠው ወይስ ትመጪያለሽ ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አመነታሁ። ያ ክንድ የሚያህል ሌንስ ዓይኔ ላይ መጣ። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ መጣ። እሑድ ሰርግ ላይ በዚያ ቦርሳ ስገባ የሙሽራው ወንድም እንዴት እንደሚያየኝ መጣ። ጉልበቴ ላይ ደግሞ ላስቲኩ የለቀቀ፣ ፍላሹ የሞተ፣ ብርድ የማይወድ ካሜራ ተቀምጧል። ኤሱማ በመኪናው መስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ፤ የሰሙ አይመስሉም።

«ስጠው» አልኩ። «አላህ ይባርክለት።»

ስልኩን ስዘጋ ብቻዬን እስቃለሁ። እብደትና ደስታ እንዴት እንደሚመሳሰሉ ያን ቀን አወቅሁ።

ጋሽ ደምሴ ቤት ስንደርስ ዱላው እዚያው ጥጉ ላይ ቆሟል። ስለ ዋጋ ስንነጋገር ኤሱማ አንዳንድ የገበያ ሰዎች እንደሚያደርጉት የቡልኮአቸውን ጫፍ በሁለቱ እጆች ላይ ጣል አደረጉትና በጨርቁ ሥር ጣት በጣት ተያዙ። አንዱ ጣት ሲጫን ሌላው ይነቀንቃል። የእኔ ገንዘብ ነው፤ እኔ ግን ምን እየተባባሉ እንደሆነ አላውቅም። ኤሱማ ፊታቸውን ያኮማትራሉ፣ ጋሽ ደምሴ ወደ ጣሪያው አይተው ይተነፍሳሉ። ድንገት ሁለቱም ሳቁና እጃቸውን አወጡ። የተነገረኝ ዋጋ የሁለተኛ ባትሪና አሮጌውን ማሽን የማሠሪያ ገንዘብ የሚያተርፍልኝ ነበር።

ልንወጣ ስንል ኤሱማ ካሜራውን ተቀብለው ማንገቻውን መፍታት ጀመሩ። ምን ያደርጋሉ ብዬ ስደነግጥ ፈትተው ጨርሰው ለጋሽ ደምሴ መለሱላቸው። እንስሳ ይሸጣል፣ ገመዱ ግን ከሻጭ ጋር ይቀራል፤ ገመዱን አብሮ የወሰደ የሻጩን ሲሳይ ይወስዳል። ጋሽ ደምሴ ማንገቻውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ እንደ ድሮአቸው ባዶውን አንገታቸው ላይ አጠለቁትና እስከ በር ሸኙን። ሞራ የጋረደው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ካሜራዬን እንደ እንቁላል በሁለት እጄ አቅፌ ሰዓዳ ቤት ሄድኩ፤ የሙሽራው ወንድም አገላብጦ አየውና፣ አርጅቷል አለ፣ ግን እሺ አለ። ያን ምሽት ኤሱማ ከፈረስ መሳቢያ ገመድ ማንገቻ ጎነጎኑልኝ፤ እሑድ ሰርጉ ላይ ፈረስ ፈረስ እየሸተትኩ ዋልኩ።

ሰርጉ ቤት ውስጥ ጨለማ ነበር። ሰዓዳ ግን ሙሉ ሆና ወጣች፤ ቀሚሷም እሷም። ይሄን በሌላ ጊዜ ብዙ ላወራላችሁ እችል ነበር፤ እዚህ ግን የምፈልገው ሐሙስ ማታ ቤት ስገባ የሆነውን ነው። ለእናቴ ካሜራውን አላሳየኋትም፤ ፎቶውን ነው ያሳየኋት። አየችው። ስኳር የምትመዝንበትን ማንኪያ እንደያዘች ቁጭ አለች። ወንድሟ ልጅ ሳለ እንዲህ ነበር የሚስቀው፤ ከዚያ በኋላ አይታው አታውቅም። ስለ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ያን ማታ አንድም ቃል አላነሳችም።

ፎቶውን በኤሱማ ፈቃድ አሳትሜ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ለጉርድ ፎቶ የሚመጣው ሰው ሁሉ እሱን አይቶ ሳይወድ ይስቃል፤ መጀመሪያ ያንን ሳቅ አነሳለሁ፣ ከዚያ ለመታወቂያው የሚሆነውን ተከሳሽ አነሳለሁ። ብዙዎቹ ሁለቱንም ይወስዳሉ። ዛሬ የምተዳደረው በዚህ ነው። የገሰራውም ሰው ያንን አዲስ ካሜራ ይዞ ሰርግ ያነሳል፤ በደንብ ነው የሚያነሳው፣ ጓደኛሞች ሆነናል፣ ያንን ረጅም ሌንሱን ሲያስፈልገኝ ያውሰኛል። ስለዚህ ያኛው መጥፎ ነበር እያልኳችሁ አይደለም። እኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከሆነ ኮርቻውን ተዉት። ዓይኑ ሰፊ የሆነ ሌንስ ይበቃችኋል። ሻጩን ዓይቡን ጠይቁት፤ ከነገራችሁ ደግሞ በደንብ ስሙት፣ እንደ እኔ ሳነቴ ላይ ተቀምጣችሁ እንዳታለቅሱ። ለሁለተኛ ባትሪ የሚሆን ነገር አስተርፉ፤ በብርድ ብብታችሁ ውስጥ ያዙት።

ባለፈው ዓመት ሌላ ካሜራ ገዛሁና ያንን ለመሸጥ አወጣሁት። ከሃረና በኩል የመጣች አንዲት ወጣት ጠየቀችኝ። ዓይቡን አራት አድርጌ ነገርኳት፤ አራተኛው እኔው የጨመርኩት ጭረት ነው። ሞክሪው ብዬ ለአንድ ቀን ስሰጣት መያዣ የሚሆን ነገር ስላልነበራት መታወቂያዋን ተወችልኝ። ጉርዱ ላይ እንደ ሁሉም ሰው ተከሳሽ ሆና ተቀምጣለች። በማግስቱ ተመለሰች፤ ሰላምታም ሳትሰጠኝ የካሜራውን መስኮት ወደ እኔ አዞረች። ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅሙ አንዲት ትልቅ ሴት፣ አፋቸውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ድዳቸው እስኪታይ ይስቃሉ።

«እናቴ ናት» አለችኝ። «እገዛዋለሁ።»

እኔም የኤሱማን ገመድ ፈትቼ ለራሴ አስቀረሁና ካሜራውን ሰጠኋት።